በአበልጄ ክንድ የተለካ ታንክ

ከሁሉ በፊት ይህን ልናገር፤ ወታደር ሆኜ አላውቅም። ጠመንጃ የጨበጥኩት በዕድሜዬ አንድ ቀን ነው፤ እሱም የእርሻው ዘበኛ ሽንቱን ሸንቶ እስኪመለስ «ያዝልኝ» ብሎኝ። ሆኖም ታንክ እወዳለሁ። ሰው አበባ ይወዳል፣ ሰው ኳስ ይወዳል፣ እኔ ታንክ እወዳለሁ፤ ምን ይደረግ! ባለቤቴ በተጋባን ሰሞን «ምን ዓይነቱን ሰው ነው ያገባሁት?» ብላ ለእህቷ ነግራታለች። እህቷም አልደበቀችኝም።

ነገሩ የጀመረው ጅማ ነው። ደርግ የወደቀ ሰሞን እዚያ የቴክኒክ ተማሪ ነበርኩ። አንድ ታንክ መንገድ ዳር ቆሞ ሁለት ቀን ሰነበተ። ሰው ሁሉ በሩቁ እያየው ያልፋል። እኔ ግን ጠጋ ብዬ ዞርኩት። ብረቱም ሰንሰለቱም መድፉም ይታያል፤ ክዳኑ ግን ዝግ ነው። ውስጡ ስንት ሰው ይቀመጣል? እግራቸውን ወዴት ይዘረጋሉ? ሹፌሩ ምን ይዞ ነው የሚነዳው? የሚጠብቀው ታጣቂ «ዞር በል ከዚህ!» አለኝ፤ ዞር አልኩ። በሦስተኛው ቀን ስመጣ ታንኩ የለም። ክዳኑ እንደተዘጋ ሄደ። ሰው በዚህ ይያዛል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ተያዝኩ።

ተመርቄ ወደ ተወለድኩበት ወደ ሚዛን ተፈሪ ስመለስ ሥራ ያገኘሁት ቴፒ አጠገብ ካለ የቡና እርሻ ነው። የጋራዡ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆንኩ። ብሎን ጠባቂ በሉኝ፣ አልቀየምም። በዚያ ዝናብ አገር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ ሰው ወይ ከረምቡላ ይጫወታል፣ ወይ ይጠጣል፣ ወይ ይተኛል። እኔ ቆርቆሮ መቁረጥ ጀመርኩ።

መግዛት የሚባል ነገር የለም። የታንክ አሻንጉሊት ቴፒ ገበያ ማን ያመጣል? ቢመጣም አልፈልግም ነበር። ሁሉንም ከምንም ተነስቼ መሥራት ፈለግሁ። አካሉን ከዘይት ቆርቆሮ፣ መድፉን ከተሰበረ ጃንጥላ ዘንግ፣ ጎማዎቹን ከቡና እንጨት። የቡናን እንጨት እንዳትንቁት! ያረጀ ቡና ከሥሩ ሲጎነደል ግንዱን ሰው ለማገዶ ይወስደዋል፤ እኔ ግን ጣሪያ ሥር አድርቄ በጋራዡ ቶርኖ አስጠርበዋለሁ፤ አይሰነጠቅም፣ የሞርሳ ጥርስ ጠበቅ አድርጎ ቢይዘውም አይጎዳውም። ሰንሰለቱን ከቲማቲም ድልህ ጣሳ እየቆረጥኩ፣ እያንዳንዷን ጥርስ በሽቦ እየሰፋሁ ነው የሠራሁት። አንዱን ጎን ለመጨረስ ስድስት ወር ወሰደብኝ። እርጥበቱ ደግሞ ጠላቴ ነው፤ ዛሬ ወልውዬ ያስቀመጥኩትን በሳምንቱ ዝጎ አገኘዋለሁ።

ግን ውጪውን ማንም ይሠራዋል፤ ፎቶግራፍ ማየት ይበቃል። የእኔ ታንክ ክዳኑ ሲነሳ ውስጡ መታየት ነበረበት። የሚታየውም እውነቱ መሆን ነበረበት፤ እያንዳንዱ ወንበር በቦታው፣ እያንዳንዱ እጀታ በልኩ። ይህ ካልሆነ ለምን ዓይኔን አጠፋለሁ? ይህን አንድ ነገር በሕይወቴ ሳላጭበረብር፣ ሳላድበሰብስ ለመሥራት ፈልጌ ነበር።

ይህን የሚነግረኝን ሰው እግዜር ራሱ የላከልኝ መሰለኝ። በኋላ ልጄን ክርስትና አንስቶልኝ አበልጅ ስለሆንን ከአሁኑ አበልጄ እያልኩ ልጥራው፤ ስሙን መጥራት አልፈልግም። የድሮው ጦር ሲበተን ከሰሜን ተነስቶ በእግርም በመኪናም ብሎ እዚህ የደረሰ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ግራ እግሩን ትንሽ የሚጎትት ሰው ነው። የእርሻውን የጭነት መኪና ያሽከረክር ነበር። አንድ ቀን የናፍጣ በርሜል ስንረከብ ቆም ብሎ፣

«ታንክ ከኋላው እንዲህ ያለ ሁለት በርሜል ያዝላል» አለ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል።

እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። «ታንክ ታውቃለህ እንዴ?»

«ጦር ሜዳ ነበርኩ እኮ!»

«ውስጡንስ? ውስጡን ታውቀዋለህ?»

ዝም አለ። በርሜሉን በእግሩ ገፋ አደረገው። «አውቀዋለሁ» አለ።

ያን ዝምታ የሐዘን ዝምታ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ስንት ጓደኛ ሞቶበት ይሆን ብዬ አዘንኩለት። አይ እኔ! ለራሴ ነበር ማዘን።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቴ ይመጣል። መጽሐፍ የለም፤ ኢንተርኔት የሚባለውን የዚያን ጊዜ ቴፒ ውስጥ በስሙም የሚያውቀው የለም። መጽሐፌ እሱ ነበር። የሚለካውም በክንዱ ነው። «ርዝመቱ መድፉን ሳይጨምር አሥራ ሦስት ክንድ፣ ወርዱ ሰባት ክንድ» ይለኛል።

«በማን ክንድ?»

«በእኔ ነዋ! በማን ክንድ ልለካልህ ኖሯል?»

እጁን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ከክርኑ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ ለካሁት። አርባ ሰባት ሴንቲ ሜትር። ታንኬ የእውነተኛው አንድ ሃያኛ ስለሆነ ያን ለሃያ አካፈልኩና፣ ከጣቴ ጥፍር ብዙም የማትበልጥ መለኪያ ከቡና እንጨት ፈልፍዬ አወጣሁ። ያቺ የእሱ ክንድ ናት። ከዚያ በኋላ ሜትሬን ሰቀልኩት። ጎማ ከጎማ ስንት ይራራቃል? በአበልጄ ክንድ። የኋላው በርሜል ስንት ይወፍራል? በአበልጄ ክንድ። እስከዚህ ነበር ያመንኩት።

መቼም ውጪውን ሲነግረኝ ቃል አይደግምም፣ አያመነታም። «በያንዳንዱ ጎን አምስት ጎማ፤ አንደኛውና ሁለተኛው መሐል ክፍተቱ ሰፋ ይላል» ይላል። የኋላው በርሜል በምን ዓይነት ጠፍር እንደሚታሰር፣ የነዳጅ መክፈቻው በየት በኩል እንዳለ፣ የትኛው ክዳን እንደሚጠብቅና በመዶሻ መታ መታ ካልተደረገ እንደማይከፈት ሁሉ ነገረኝ። ወደ ውስጥ ስንገባ ግን ቀስ ይላል። ጣሪያውን ያያል፤ አገጩን ያሻል። «ትዝ እስኪለኝ ነው» ይላል። እኔም እጠብቀዋለሁ። ባለቤቴ የምታቀርብለትን በቆሎ እሸት እየፈለፈለ ያስባል፤ እኔ እርሳሴን ቀርጬ እንደ ተማሪ አፍ አፉን አያለሁ።

«ሹፌሩ ሰፊ ወንበር አለው፣ ሁለት ሰው ይይዛል። ከጎኑ ለውኃ ጀሪካን የሚሆን ቦታ አለ። ከራስጌው ፎጣ የሚሰቀልበት ምስማር አለ።»

«ፎጣ?»

«ላብ ነው እኮ! ላቡን በምን ይጥረገው?»

እውነት ነው አልኩ። መቼም ፎጣ ካልኖረ ሰው በላብ ዓይኑ ይታወራል። ምስማሩን ሠራሁ፤ ፎጣውንም ከአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ሠርቼ ሰቀልኩበት።

«መሪውስ?» አልኩት።

«መሪው ክብ ነው። ትልቅ። በሁለት እጅ ነው የሚያዘው።»

እዚህ ላይ ገታ አልኩ። እውነቱን ልናገር፤ ገታ ብያለሁ። «አንተ፣ የእኛ ዶዘር እኮ ሰንሰለት አለው፤ መሪ ግን የለውም፣ በዘንግ ነው የሚነዳው» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ዶዘር ምን ያደርጋል? መሬት ይቆፍራል። ታንክ እኮ ጦርነት ነው! ጥይት እየዘነበብህ በዘንግ ስትታገል ልትውል ነው?»

አፈርኩ። ብሎን ጠባቂ ታንከኛን ያርማል እንዴ! መሪውን ከመዳብ ሽቦ ሠራሁት፤ አንድ ሳንቲም የሚያህል። እንዲዞርም አደረግሁት። በጣት ጫፍ ሲነኩት ይዞራል። በዚያ ታንክ ውስጥ ከሠራሁት ሁሉ የኮራሁበት እሱን ነው።

በሁለተኛው ዓመት ወንድ ልጅ ወለድን። ክርስትና ማን ያንሳው ሲባል አላመነታሁም። ካህኑ ፊት ልጄን ታቅፎ ቆመ፤ አበልጅ ሆንን። ሰው ዘመዱን አይመርጥም፣ አበልጁን ግን ይመርጣል። እኔ መርጬ ነው። ወርኃዊ የሚካኤል ማኅበራችን ላይ አጠገቤ ነበር የሚቀመጠው። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ታንከኛው አበልጄ ነው» እያልኩ አስተዋውቀዋለሁ። ማኅበርተኛው ፈገግ ይላል። አበልጄ ደግሞ ጠላው ላይ ያቀረቅራል። ትሑት ነው እል ነበር። ታንከኛ ሆኖ የማይፎክር ሰው የት ይገኛል እያልኩ በየቤቱ አወራሁለት።

በአራተኛው ዓመት ታንኩ አለቀ። ሁለቱን ጎን አረንጓዴ ቀለም ቀባሁት፤ አበልጄ «ትንሽ ጭቃ ይኑረው» ስላለኝ ከግቢው ቀይ አፈር በጥብጬ ሰንሰለቱ ላይ ረጨሁ። ከላይ የሚዞረውን ራሱን ስታነሱት አዛዡም ተኳሹም ጥይት አጉራሹም የሚቀመጡበት ይታያል፤ የፊቱን ሽፋን ስታነሱ ደግሞ የሹፌሩ ክፍል ከነመሪው፣ ከነፎጣው። ያን ቀን አለቀስኩ። ባለቤቴ «ለቆርቆሮ?» አለችኝ፤ ሆኖም ነጠላዋን ሰጥታኝ ወጣች።

ያ ዓመት ሳያልቅ ለእርሻው አዲስ የቡና መፈልፈያ ማሽን ሊተክሉ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ መጡ። ብሎን ሊወስዱ ግምጃ ቤት ሲገቡ ከፊርማቸው በፊት ሻምበል ብለው ጻፉ። «ጦር ውስጥ ነበሩ?» አልኳቸው። «አሥራ ሰባት ዓመት ታንክ ላይ» አሉኝ። ወይ ደስታዬ! በደስታ ብሎኑን አብዝቼ ነው የሰጠኋቸው። ቅዳሜ ምሳ ቤቴ እንዲበሉ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉ። ለአበልጄም ሮጬ ነገርኩት፤ «የጦር ጓድህ መጥቷል! ሁለታችሁን አንድ ገበታ ላይ አስቀምጬ ዝም ብዬ ልሰማችሁ ነው» አልኩት። «በጣም ጥሩ» አለኝ። ፊቱን አላየሁትም፤ መኪናው ሥር ገብቶ ነበር።

ቅዳሜ ዶሮ ታረደ። ሻምበሉ መጡ፤ አበልጄ ቀረ። ጎረቤቱን ልኮ «ሆዴን ቆርጦኝ ተኝቻለሁ» አለ። እኔ ሞኙ ለሆዱ ብዬ ማር በዕቃ ላኩለት!

ከምሳ በኋላ ታንኩን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሻምበሉ መነጽራቸውን አደረጉና ዞሩት። ከኋላው ቆሙና በርሜሎቹን፣ ጠፍሩን፣ መክፈቻዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ።

«ይህን ማን ነገረህ?» አሉኝ።

«አበልጄ ነው፣ ጌታዬ። ታንከኛ ነበር። ሆዱን አሞት ነው እንጂ ዛሬ ያገኙት ነበር።»

«እኔ እንኳ ይቺን መክፈቻ ረስቻት ነበር። እየጠበቀች ስታስቸግር! በመዶሻ ነበር የምንከፍታት።»

ልቤ በደስታ ዘለለ። የፊቱን ሽፋን በራሴ እጅ አነሳሁላቸው። ጎንበስ ብለው አዩ። ቆዩ። በጣታቸው ጫፍ መሪዋን ነኳት፤ ዞረች።

«ይሄ ምንድነው?»

«መሪው ነው።»

«የምን መሪ?»

«የታንኩ መሪ ነዋ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። እግዜር ይስጣቸው፣ አልሳቁብኝም። «ልጄ፣ ታንክ መሪ የለውም። ሁለት ዘንግ ነው ያለው። ግራውን ስትስብ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ቀኙን ስትስብ ወደ ቀኝ።»

«እንደ ዶዘር?» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ።

«እንደ ዶዘር።» ከዚያ የውኃውን ጀሪካን ቦታ አዩ፤ ሁለት ሰው የሚይዘውን ወንበር አዩ፤ ፎጣውን አዩ። «ይሄ እኮ የጭነት መኪና ጋቢና ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አበልጅህ ነዳጅ የሚያመላልስ መኪና ነበር የሚነዳው? ከኋላ ያለው አንድም ስህተት የለበትም። ነዳጅ የሚቀዳ ሰው የሚያየው እሱን ነው። ውስጡን ግን ገብቶ አያውቅም።»

አራት ዓመት! አራት ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ጣቴን እየቆረጠኝ፣ የጭነት መኪና ጋቢና ለታንክ ሳለብስ ኖሬያለሁ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እኔ ፈረሱን ራሴ ኮርቻ ጭኜ፣ ልጄን አሳቅፌ ነው የወጣሁበት።

ሻምበሉን ሸኝቼ ስመለስ ባለቤቴ ሳህን ታነሳለች። የጌጫ ልጅ ናት፤ አማርኛን ከትምህርት ቤት ነው የለመደችው፣ ቃል አታበዛም። «አበልጄ ታንከኛ አይደለም!» አልኳት፤ ጮኼ ነው መሰለኝ ዶሮ ሸሸ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አውቃለሁ። ነዳጅ ነበር የሚጭነው። ሚስቱ ነግራኛለች። ልጁ ክርስትና ሳይነሳ በፊት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሳህኑን አስቀመጠች። «ደስ ብሎህ ነበር» አለች። «እሑድ ስትነሳ ታፏጭ ነበር። ምን ብዬ ነው የምነግርህ?»

ይህን ስሰማ የአበልጄ ውሸት ቀለለብኝ ማለት እችላለሁ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ማዕዴ! ያን ሁሉ እሑድ እርሳስ ቀርጬ ስጠይቀው እሷ እሸት እያቀረበች ትሰማ ነበር። መሪዋን እያዞርኩ ሳሳያት «ጎበዝ» ብላኛለች። ሦስት ቀን አላናገርኳትም። እሷም አላባበለችኝም፤ የጌጫ ሰው በማባበል አይታማም።

የሚካኤል ማኅበር በዚያው ሳምንት ዋለ። ለማንም ሳልናገር ታንኩን በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። ላጋልጠው ነው። ማኅበርተኛው ሁሉ ባለበት፣ ጽዋው ፊት፣ ማን እንደሆነ ይወቅልኝ አልኩ። ሰው ሲያጋልጡ የሚሰማውን ያን ክፉ ደስታ ታውቁታላችሁ? ጉሮሮዬ ድረስ ሞልቶኝ ነበር።

ካህኑ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው እንደተቀዳ ተነሳሁ። አበልጄ እንደ ወትሮው አጠገቤ ነው። ጨርቁን ገለጥኩ፤ ክዳኑን አነሳሁ። «ማኅበርተኛ ሆይ!» አልኩ። «ይሄ ሰው ታንከኛ ነኝ ብሎ አራት ዓመት አታሎኛል። ታንክ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ነዳጅ ጫኝ ነው! ልጄን ያሳቀፍኩት ለውሸታም ነው!»

ኧረ ጉድ የሚል ጠበቅሁ። ማን ያምናል የሚል ጠበቅሁ። አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም። ሁሉም የየራሱን ዋንጫ ያያል። ከመደንገጥ የመጣ ዝምታ አልነበረም፤ ሰው ሲደነግጥ ቢያንስ ቀና ይላል።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን፣ አባቴን የሚያክሉ ሰው ናቸው። «ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ።

«አልቀመጥም!»

«ተቀመጥ። ይህን የማያውቅ እዚህ ማን አለ? ማኅበር የገባ ቀን ከየት እንደመጣ ጠይቀነው፣ ለጦሩ ነዳጅ አመላልስ ነበር ብሎ ተናግሯል። አንተ ያን ወር ለአማትህ ለቅሶ ጌጫ ነበርክ።»

ተቀመጥኩ። «ታንከኛው አበልጄ ስል እኮ ትስቁ ነበር...»

«መጀመሪያ ቅጽል ስም አውጥተህለት መሰለን። ኋላ የምርህን መሆኑን አወቅን። ምን እንበልህ? ስለ ታንክህ ፊትህ በርቶ ስታወራ! አንዱ ይነግረዋል፣ አንዱ ይነግረዋል ስንባባል ዓመት አለፈ። ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ ማን አፉን ይከፍታል?»

ይሉኝታ! ይሄ ይሉኝታ የሚሉት ነገር ነው አገራችንን የገደላት። ሃያ አራት ማኅበርተኛ፣ ሃያ አራት ክርስቲያን፣ በየወሩ አንድ ጽዋ አብሮኝ እየጠጣ፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ጆሮዬ ላይ «ተው፣ ተሸውደሃል» የሚለኝ! ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእነሱ ዝም አልነቀዘም፤ የነቀዝኩት እኔ ነኝ። ላጋልጠው መጥቼ ተጋልጬ ተቀመጥኩ። በዚያ ቤት የማያውቅ ሰው አንድ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያንንም በአደባባይ ተነስቼ ያስታወቅሁት ራሴ ነኝ። አበልጄም ጠላውን ሳይጠጣ ተነስቶ፣ እግሩን እየጎተተ ወጣ።

እንግዲህ የተጣላ ሰው አንድ ጽዋ አይጠጣም፤ የማኅበሩ ሕግ ነው። የሚቀጥለው ወር ተራ ደግሞ የእኔ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል መልእክተኛ ሲመላለስ ከረመ። እኔ አልታረቅም አልኩ። ባለቤቴ «ልጅህ የክርስትና አባት ከየት ያመጣል?» አለች። አሁንም አልታረቅም አልኩ። በመጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሙሴው ሦስት ሽማግሌ አስከትለው ግቢዬ ገቡ። ከኋላቸው አበልጄ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ይመጣል። ያ ረጅም ሰው! ካፊያው ጀርባው ላይ ይወርዳል። ደጄ ላይ ተንበረከከ።

«እንጨት ሆኖ የማይጨስ፣ ሰው ሆኖ የማይበድል የለም» አሉ ሙሴው። «በደሉን አምኗል። ካሣም ካልክ ጠይቅ።»

ካሣ! የአራት ዓመት እሑድ በምን ይካሳል? መጀመሪያ ምንም አልፈልግም ልል ነበር። ከዚያ አንድ ነገር መጣብኝ።

«ካሣዬ አንድ ነው» አልኩ። «ስለ ታንኩ ውስጥ ከነገረኝ ሁሉ አንድ እውነት ካለ ይንገረኝ። አንድ ብቻ። አምላክ ምስክሩ ሆኖ።»

አበልጄን አየሁት። ድንጋዩ እንደከበደው ይታያል፤ አንገቱ ቀልቷል። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ከነገርኩህ ውስጥ የለም» አለ በመጨረሻ። «አንድም የለም። ያልነገርኩህ ግን አንድ አለ።»

«ተናገራ!»

«አንድ ቀን ነዳጅ ቀድቼላቸው ስጨርስ፣ ላይ ያለው ልጅ ክዳኑን ከፍቶ ‹ውኃ አለህ?› አለኝ። ኮዳዬን ላቀብለው ታንኩ ላይ ወጥቼ ጎንበስ ስል ከውስጥ ሙቀት ወጥቶ ፊቴን መታኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ልጁ ክዳኑን መልሶ ዘግቶታል። ያየሁት ነገር የለም። ሙቀቱን ግን አውቀዋለሁ።»

«ይህን ለምን መጀመሪያውኑ አልነገርከኝም?»

«አንተ ወረቀት ዘርግተህ ስንት ክንድ ነው ትለኛለህ» አለ፣ ከድንጋዩ ሥር። «ሙቀት ስንት ክንድ ነው ልበልህ?»

አራት ዓመት የጠየቅሁት ይህን ነበር። አንድ ሰው አንዲት ቅጽበት ያን ክዳን ተከፍቶ አይቷል፤ ያቺን ቅጽበት ለራሱ አስቀርቶ ለእኔ መሪና ፎጣ ሰጠኝ። ያቺን ብቻ ሰጥቶኝ ቢሆን፣ ውስጡን ባዶ አድርጌ፣ ክዳኑን ዘግቼ እተወው ነበር። እውነተኛ ታንክ ይኖረኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ይጠብቁኛል። ባለቤቴ በሩ ጥግ ልጁን አዝላ ቆማለች። ድንጋዩን ከአንገቱ አንስቼ መሬት ጣልኩት፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አሉ ሁሉም። ተቃቀፍን፤ ትከሻው ርሷል። የማኅበሩን ጽዋ በተራዬ አወጣሁ፤ አጠገቤ ተቀምጦ ጠጣ። ሰው ሁሉ ታረቁ ብሎ ተደሰተ፤ እኔም ይሉኝታ ይዞኝ፣ ያልታረቅሁ መሆኔን እስከ ዛሬ ለአንድ ሰው አልተናገርኩም።